የኖራ ምሥጢር፣ የእናቴ ጥልፍ

ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት እያለን የድራማ መምህራችን አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ «ኖራ ለምን ለባሏ አልነገረችውም?»

ክፍሉ ውስጥ አርባ ያህል ተማሪዎች ነበርን። ከኋላ ያሉት ወንዶች ሳቁ። እኔ እጄን አወጣሁና «ስለምትፈራ ነዋ። እውነቱን ለመናገር ድፍረት ያላት ሴት ብትሆን ኖሮ ከመጀመሪያውም አሻንጉሊት አትሆንም ነበር» አልኩ። መምህሩ «ጥሩ» አለኝ። እኔም ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ደስ አለኝ። ያ መልስ ከሁለት ወር በኋላ እኛ ቤት ምን እንዳደረገ ነው የምነግራችሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ኖራ።

«የአሻንጉሊት ቤት» ኖርዌጂያዊው ሄንሪክ ኢብሰን የጻፈው ባለ ሦስት ገቢር ተውኔት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1879 ታተመ፤ በዚያው ወር በ21ኛው ቀን ኮፐንሃገን ውስጥ በንጉሣዊው ቴአትር ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። መጀመሪያ የታተመው 8,000 ቅጂ በአንድ ወር ውስጥ ተሸጦ አልቋል። ተውኔት መሆኑን አትርሱ፤ ልብ ወለድ እንኳ አይደለም።

ታሪኩ በገና ሰሞን፣ በአንድ ሳሎን ውስጥ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ኖራ የሦስት ልጆች እናት ናት። ባሏ ቶርቫልድ ሄልመር ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ነው። ሚስቱን በስሟ ከሚጠራት ይልቅ በወፍና በሽኮኮ ስም ማቆላመጥ ይወዳል። ገንዘብ በእጇ አይበረክትም ብሎ ያምናል። ጥርሷ እንዳይበላሽ ጣፋጭ ከልክሏታል፤ እሷ ግን ኪሷ ውስጥ ደብቃ ትበላለች። በልተሻል ወይ ሲላት ዓይኗን ሳታሽ ትክዳለች። መጀመሪያ ሳነበው «ይቺ ደግሞ ምን ዓይነት ልጅ ናት!» ብዬ ተናድጄባት ነበር።

ትልቁ ምሥጢሯ ግን ሌላ ነው። ከዓመታት በፊት ቶርቫልድ በጠና ታሞ፣ ሐኪሞቹ ሞቃት አገር ሄዶ ካልከረመ አይተርፍም ብለዋት ነበር። ለእሱ አልተነገረውም። መበደር ደግሞ ለእሱ ነውር ነው። ስለዚህ ኖራ 4,800 ክሮነር በድብቅ ተበድራ ጣሊያን ወሰደችው፤ ዳነ። ገንዘቡን «አባቴ ነው የሰጠኝ» አለችው። በዚያ ዘመን ሚስት ያለ ባሏ ፈቃድ መበደር አትችልም። ይህንን ተውኔቱ ውስጥ በግልጽ የምትናገረው ጓደኛዋ ክሪስቲን ሊንደ ናት። አበዳሪው ክሮግስታድ የአባቷን ዋስትና ጠየቃት፤ አባቷ ግን ሊሞት እያጣጣረ ነበር። ኖራ በአባቷ ስም ራሷ ፈረመች። የተያዘችው በቀኑ ነው፤ አባቷ የሞተው ሴፕቴምበር 29፣ ፊርማው ሥር ያለው ቀን ደግሞ ኦክቶበር 2 ነው። የሞተ ሰው ከመቃብር ተነሥቶ ፈርሟል ማለት ነው።

ይህን ሁሉም ያስታውሰዋል። ሰው የሚረሳው ዕዳውን እንዴት እንደከፈለች ነው። ለልብስ ከሚሰጣት ገንዘብ ግማሹን ታስቀምጣለች፤ ርካሹን ትገዛለች። ባለፈው ክረምት ደግሞ ጽሑፍ የመገልበጥ ሥራ አግኝታ፣ ማታ ማታ ክፍሏን ቆልፋ እስከ እኩለ ሌሊት ስትጽፍ ከረመች። ቶርቫልድ የሚያውቀው ለገና ዛፍ ጌጥ ስትሠራ ሦስት ሳምንት በሯን ዘግታ መክረሟን፣ በመጨረሻም ድመት ገብታ ሁሉንም ቦጫጭቃዋለች መባሉን ብቻ ነው። ይስቅባታል። ኖራ ግን ስለዚያ ሥራ ለክሪስቲን ስትነግራት ፊቷ ይበራል። ይደክማት ነበር፤ ግን ተቀምጦ ሠርቶ ገንዘብ ማግኘት ወንድ የመሆን ያህል ደስ የሚል ነገር ነበረው ትላታለች።

ይህን ዓረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ተሻምተን አልፈነዋል። ማለፍ ያልነበረብኝ ግን እኔ ነበርኩ።

እናቴ ጥልፍ ትሠራ ነበር። አባቴ አያውቅም።

አባቴ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ እንኳ እየተንገዳገደ ነው የሚደርሰው። እኔና ወንድሜ ግን የግል ትምህርት ቤት ነበር የምንማረው። የሚከፍልልን አሜሪካ ያለው አጎታችን፣ የእናቴ ወንድም ነው ይባል ነበር። አጎቴ በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ መቶ ዶላር ይልካል፤ ይህ እውነት ነው። የቀረው ሁሉ የወጣው ከእናቴ ጣቶች ነው። ከሽሮ ሜዳ ነጋዴዎች የሐበሻ ቀሚስ ትቀበልና የደረቱን መስቀል ትጠልፋለች፤ ቀን አባቴ ቢሮ ሲሆን፣ ማታ ደግሞ እሱ ሲተኛ። ሲነጋ ቀሚሱ ተጣጥፎ ከጤፍ ጆንያው ጀርባ ይገባል። ሰባተኛ ክፍል ስደርስ ዓይኗ ክሩን መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃተው፤ ያኔ እኔን ጠራችኝ። ምሥጢሩን ያወቅኩት እንደዚያ ነው። «ለአባትሽ» ብላ አላስጠነቀቀችኝም። ማስጠንቀቅ አላስፈለጋትም።

የቶርቫልድ ቤት የፖስታ ሳጥን አለው፤ ቁልፉ አንድ ነው፤ እሱም በቶርቫልድ ኪስ ውስጥ ነው። እኛ ቤት የዚያ ተቃራኒ ነበር። አጎቴ ሲደውል ስልኩን ቀድማ የምታነሳው ሁልጊዜ እናቴ ናት። ሁለት ደቂቃ አውርታ ለአባቴ ትሰጠዋለች። አባቴም ቆሞ፣ ሰውየው ፊቱ ያለ ይመስል ጎንበስ እያለ ያመሰግነዋል፦ «እግዜር ይስጥልን። ልጆቹን እኮ አንተ ነህ የምታስተምራቸው።» አጎቴ አስቀድሞ ስለተነገረው «ኧረ ምን አደረግኩና» ይላል። ትሕትና ይመስላል። እውነቱን እየተናገረ እንደሆነ የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ነን።

በሁለተኛ ዓመቴ ለፋሲካ ቤት መጣሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ኖራ አለች፣ መምህሩ ያለኝ «ጥሩ» አለ። አጎቴ ደወለ። አባቴ ከሌላው ጊዜ ሁሉ አስረዝሞ አመሰገነው። ስልኩን ሲዘጋ ወደ እኔ ዞሮ «አጎትሽን እንዳትረሺ። ሰው ያደረገሽ እሱ ነው» አለኝ።

«አባዬ፣ ያስተማረችኝ እማዬ ናት» አልኩት።

ከዚያ ማቆም አቃተኝ። ጥልፉን፣ ጆንያውን፣ ሽሮ ሜዳን፣ መርፌውን፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። የምናገረው በኩራት ነበር። እናቴ ጓዳ ዳቦ እየቆረሰች ነው። አባቴ አልጮኸም። ብዙ ቆየና ለእኔም ለማንም ባልሆነ ድምፅ «ስንት ጊዜ ነው ያመሰገንኩት?» አለ። እናቴ የዳቦውን ሰፌድ ይዛ ገባች፤ የሁለታችንን ፊት አየች፤ ሰፌዱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ተመልሳ ወጣች።

ማታ አልጋዬ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። «የኔ ነበር እኮ። ለምን አወጣሽብኝ?» አለችኝ።

«እማዬ፣ የሚያኮራ ነገር ለምን ትደብቂያለሽ?»

«አልደበቅሁም። አስቀመጥኩ እንጂ።»

ከዚያ በኋላ ተውኔቱን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የማነበው ግን ኖራን ፍለጋ አይደለም። ክሪስቲን ሊንደን ፍለጋ ነው።

ሦስተኛው ገቢር ሲጀምር ክሮግስታድ ሁሉንም ነገር ዘርዝሮ የጻፈው ደብዳቤ ፖስታ ሳጥኑ ውስጥ ነው። ኖራ በፀጉር መርፌ ልትከፍተው ሞክራ አልሆነላትም። ቶርቫልድ ከግብዣው በፊት እንዳያየው ታራንቴላ የሚባለውን ጭፈራ አለማምደኝ ብላ ይዛዋለች፤ የቀራትን ዕድሜ በሰዓት ቆጥራ ሠላሳ አንድ ብላለች። አሁን እሷ ፎቅ ላይ ግብዣው ውስጥ እየጨፈረች፣ ታች ሳሎኗ ውስጥ ክሪስቲንና ክሮግስታድ ተቀምጠዋል። ሁለቱ የድሮ ፍቅረኞች ናቸው፤ በዚያች ሌሊት ይታረቃሉ። የክሮግስታድ ልብ ይራራና ደብዳቤዬን ሳይነበብ መልስልኝ እለዋለሁ ይላል። ሁሉም ነገር እዚያ ላይ ማለቅ ይችል ነበር። ክሪስቲን ግን ተው ትለዋለች። በዚህ ቤት ውስጥ ያየችው ውሸት በቅቷታል፤ ባልና ሚስቱ እውነቱን አውጥተው መነጋገር አለባቸው።

ክፍል ውስጥ ክሪስቲንን ሁላችንም አድንቀናታል። ብስል፣ ሥራ ወዳድ፣ እውነተኛ ጓደኛ። አንድም ሰው ያላነሳው ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ኖራ አልተጠየቀችም። ፎቅ ላይ ነበረች። ሙዚቃው እየተሰማ፣ ደረጃውን ወጥቶ «ምን ትያለሽ?» የሚላት ሰው አልተገኘም። ክሮግስታድ ምሥጢሯን በክፋት ሊያወጣው ፈለገ፤ ክሪስቲን በደግነት አስወጣችው። በሁለቱም በኩል ምሥጢሩ የእሷ ነበር፣ ቆራጮቹ ሌሎች ነበሩ። እኔ የትኛዋ እንደነበርኩ መናገር አያስፈልገኝም።

ክሪስቲን ልክ አልነበረችም ማለቴ አይደለም። ደብዳቤው ባይነበብ ኖሮ ኖራ ባሏን አታውቀውም ነበር። እውነቱ ሲወጣ ቶርቫልድ ጥፋቱን በራሱ ላይ ይወስዳል ብላ በልቧ ትጠብቅ ነበር። እሱ ግን ደብዳቤውን አንብቦ ውሸታም፣ ወንጀለኛ አላት፤ ልጆቹን አንቺ አታሳድጊያቸውም አላት። ወዲያው ክሮግስታድ የዕዳውን ወረቀት የመለሰበት ሁለተኛ ደብዳቤ ሲመጣ ደግሞ «ዳንኩ!» ብሎ ፈነጠዘ። ዳንን እንኳ አላለም። ኖራ የጭፈራ ልብሷን ቀይራ መጣች፤ ቁጭ በል አለችው፤ በስምንት ዓመት ትዳራችን ውስጥ እንደዚህ ቁም ነገር ስናወራ የመጀመሪያችን ነው አለችው። ከአባቷ እጅ ወደ እሱ እጅ የተላለፈች አሻንጉሊት እንደነበረች ነገረችው። ቀለበቱን መለሰችለትና ወጣች። መጨረሻ ላይ የሚሰማው የበሩ መዘጋት ነው።

ስለዚህ እውነቱ መውጣቱ ጠቅሟታል። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው፦ እውነቱን ያወጣው ሰው ሌላ፣ ዋጋውን የከፈለችው ደግሞ እሷ ስትሆንስ?

ኢብሰን ራሱ ይህን ጥያቄ መመለስ ነበረበት። ኖራን ከባዶ አልፈጠራትም። ላውራ ኪለር የምትባል ወጣት ደራሲ ነበረች። «ብራንድ» የተባለውን የኢብሰንን ሥራ ተከትላ መጽሐፍ ጽፋ በዚያ ተዋወቁ፤ እሱም በወፍ ስም ያቆላምጣት ነበር። ባሏ ቪክቶር የሳንባ ነቀርሳ ያዘው። ላውራ በድብቅ ተበድራ ወደ ጣሊያን ወሰደችው፤ እሱም ዳነ። ዕዳው ግን ቀረ። በ1878 አንድ ረቂቅ ጽፋ፣ ለአሳታሚህ አሳይልኝ ብላ ለኢብሰን ላከችለት። ኢብሰን ረቂቁ ለኅትመት አይበቃም ብሎ መለሰላት፤ የሚያስጨንቅሽን ነገር ሁሉ ለባልሽ ንገሪው ሲልም መከራት።

መምህራችን ክፍል ውስጥ የጠየቀን ጥያቄ እኮ ነው።

ላውራ ረቂቋን አቃጠለች። ጨንቋት ሐሰተኛ የገንዘብ ሰነድ ጻፈች፤ ተያዘች። ባሏ ጉዳዩን ሲያውቅ እንደ ወንጀለኛ ቆጠራት፤ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባች። ስትወጣ ስለ ልጆቿ ብላ ለምና ወደዚያው ቤት ተመለሰች። በሚቀጥለው ዓመት ኢብሰን ተውኔቱን አሳተመ። ላውራ ዕድሜዋን በሙሉ፣ በ1932 እስክትሞት ድረስ፣ ብዙ ብትጽፍም ሰው የሚያውቃት «ኖራ» ተብላ ነው። «ላውራ ኖራ አይደለችም» ብሎ በአደባባይ እንዲናገርላት አስጠይቃው ነበር፤ እሱ ግን ነች ብዬ ስለማላውቅ ማስተባበል ትርጉም የለውም ብሎ እምቢ አለ። ይህን ሳነብ ታላቁን ደራሲ መቀየም ፈልጌ ነበር። ግን የኔን ፋሲካ አስታወስኩና ዝም አልኩ።

ኖራ በሩን ዘግታ ወጣች፤ ላውራ ተመለሰች። በነገራችን ላይ ያ በር በመድረክ ላይም ቢሆን ሁልጊዜ አልተዘጋም። በ1880 ጀርመን ውስጥ ኖራን የምትጫወተው ዝነኛ ተዋናይ ልጆቿን ጥላ የምትሄድ እናት አልጫወትም አለች። ሌላ ሰው ነካክቶ ከሚያበላሸው ብሎ ኢብሰን ራሱ ሌላ መጨረሻ ጻፈ፤ በዚያኛው ቶርቫልድ ኖራን ወደ ልጆቹ መኝታ በር ይወስዳታል፤ እሷም መሄድ ያቅታታል። ኢብሰን ያንን መጨረሻ አምርሮ ይጠላው ነበር። እኔ ግን የተጠላው መጨረሻ በብዙ ቤቶች ውስጥ ሲኖር የነበረው ነው ብዬ አስባለሁ።

እኛ ቤት የሆነውም እንደሱ ነው። እናቴ በር አልዘጋችም። ለአራት ወር ያህል መርፌ አልነካችም፤ የወንድሜ የትምህርት ቤት ክፍያ ዘገየ። ከዚያ አንድ ቀን ጥልፉን ሳሎን ይዛ ወጣች፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አባቴ ፊት። ስሰማ እሰይ አልኩ፤ አሸነፍኩ ብዬ ነበር። በቀጣዩ ዕረፍት ቤት ስሄድ ግን አባቴ እራት ላይ «በዚህ ወር ስንት አገኘሽ?» ሲላት ሰማሁ። ነገረችው። እጁን ዘረጋ፤ ሰጠችው። በክፋት አይደለም። የተሰበረ ክብሩ የተጠገነው በዚያ ነው፤ ገንዘቡ በእሱ እጅ አልፎ ለትምህርት ቤቱ ሲከፈል እንደገና አባት ሆነ።

ዕቃ እያጠብን «እማዬ፣ ይሻላል ግን አይደል? አሁን በግልጽ ነው» አልኳት።

«ድሮ ገንዘቡ የኔ ነበር። አሁን የቤቱ ነው» አለችኝ፤ ሳህኑን እያጠበች፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ሕጉን ካያችሁ ይህ መሆን የለበትም። እናቴ ስታገባ የነበረው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር፤ በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ይህን አስቀርቶ ባልና ሚስትን እኩል አድርጓል። ኖርዌይም ያገባች ሴት የገዛ ገቢዋን ራሷ እንድታዝዝበት የፈቀደችው በ1888፣ ተውኔቱ መድረክ ላይ ከወጣ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ሕግ ይለወጣል፣ ጥሩ ነው። እኛ ቤት ግን ነጋሪት ጋዜጣ አይነበብም። እራት ላይ እጅ ሲዘረጋ ሕጉ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም።

አሁን ያ መምህር ተመልሶ ኖራ ለምን ለባሏ አልነገረችውም ቢለኝ ሌላ መልስ አለኝ። ከፍርሃቱም ከፍቅሩም በተጨማሪ፣ ምሥጢሩ የራሷ የሆነ ብቸኛው ነገር ስለነበረ ነው። ልብሷን የሚመርጠው እሱ፣ ጣፋጩን የሚከለክለው እሱ፣ የፖስታ ሳጥኑ ቁልፍ በእሱ ኪስ። ማታ ቆልፋ የምትጽፍበት ክፍል ግን የእሷ ነው። ያቺ ውሸታም ያልኳት ሴት በሩን ዘግታ ለመውጣት የበቃችው ያን ክረምት በሯን ዘግታ ስለሠራች ይመስለኛል። መሥራት እንደምትችል ቀድማ ታውቅ ነበር። ምሥጢር ነፃነት ነው እያልኩ አይደለም፤ ኖራን ሲያስጨንቃት አይተናል፣ የእናቴንም ዓይን በልቶታል። ግን ነፃነት ሌላ ቦታ ሲያጣ የሚደበቅባት ጓዳ ልትሆን ትችላለች። ያቺን ጓዳ ከፍቶ ብርሃን ከማስገባት በፊት፣ ውስጥ ያለችውን ሴት ማንኳኳት ያስፈልጋል።

ይህን ጽሑፍ ከመላኬ በፊት እናቴ ጋ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ። ጎኗ ተቀምጬ ሙሉውን አነበብኩላት፤ ኖራንም፣ ላውራንም፣ ጆንያውንም። እየጠለፈች ሰማችኝ። ላውራ ሆስፒታል ገባች የሚለው ጋ ስደርስ ብቻ መርፌውን አቁማ «ምስኪን» አለች።

ስጨርስ «እማዬ፣ ላውጣው? አይሆንም ካልሽኝ እተወዋለሁ» አልኳት።

አሰብ አደረገች። «ስሜን አትጻፊ።»

«አልጻፍኩም።»

«እንግዲያው ጻፊ፤ ያለፈ ነገር ነው።» ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ፈገግ አለች። «የአሁኑን እንደሆነ አታውቂውም።»